ከሰባኛው ፊደል በኋላ

ጠረጴዛዬ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ባለ ቁልፍ ስልኮች አሉ። ሁሉንም ላምበረት መናኸሪያ አጥር ሥር ከሚሠሩ ስልክ ጠጋኞች አንድ በአንድ የሰበሰብኳቸው ናቸው። የአንዱ አምስት ቁጥር አይሠራም። የሌላው ጀርባ በፕላስተር ተጣብቋል። ሦስተኛው በከፈትኩት ቁጥር ቀኑን ረስቶ ጥር አንድ ነው ይላል። አጠገቤ የሚቀመጠው ነአምን መሳቢያዬን «ሙዚየሙ» ይለዋል። እንግዳ ሲመጣ «ማዕዶት፣ እስኪ ሙዚየሙን ክፈቺላቸው» ይላል፤ እኔም እከፍታለሁ። እንግዳው ይስቃል። «እንዴ፣ ይቺ ስልክ እስካሁን አለች?» ይላል። ከመሥሪያ ቤታችን መስኮት ሆኖ ሽቅብ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እያየ ነው እንዲህ የሚለው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር የሚኖረው ሰው ግማሹ በእጁ የያዘው ይህንኑ ስልክ መሆኑን ለመናገር አፌን ስከፍት እንግዳው ወደ ሌላ ጠረጴዛ አልፏል።

ሥራዬ ለእነዚህ ስልኮች ፕሮግራም መጻፍ ነበር። አንድ የጤና ድርጅት በየካና በእንጦጦ አፋፍ ለሚኖሩ የደም ግፊት ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን የሚያስታውስ ነገር እንድንሠራለት ከእኛ ጋር ተዋዋለ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ዓይነት ስልክ በስሙ እንኳ የጠራው መምህር አልነበረም። ከዜሮ ጀመርኩ።

ፕሮግራሙ ከነሥዕሉ ከስልሳ አራት ኪሎባይት መብለጥ የለበትም። ዛሬ በደህና ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ የዚያን ሃምሳ እጥፍ ይሆናል። ከስልኮቹ ግማሾቹ ፊደላችንን ስለማያውቁት በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ስለዚህ ፊደሎቹን ራሴ በነጥብ በነጥብ ሣልኳቸው። በስምንት ነጥብ ቁመት ውስጥ «ጨ»ን ከ«ጩ» ለመለየት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስድስት ወር ሠርቼ ስጨርስ አንዱ ስልክ ፕሮግራሙን በደንብ ተቀበለ፣ ሌላው በመሃል ደረቀ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር በእንግሊዝኛ ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር። ይህን ሁሉ የሠሩ ፋብሪካዎች ሁለት ስልክ አንድ ዓይነት ላለማድረግ የተማማሉ ይመስለኝ ነበር።

አለቃችን በርናባስ ታግሦ ታግሦ በስድስተኛው ወር «ተይው» አለኝ። «በሜሴጅ ይላክላቸው። ስንት ዘመን እንቀመጥበታለን?»

በሜሴጅ ሆነ። ስልካቸው ሳጥን የሚያሳየውን ሕመምተኞች የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሐመልማል እየደወለች ልትነግራቸው ተስማማን። ስልካቸው ፊደል ለሚያነበው ለቀሩት ሦስት መቶ አርባ ሰዎች መልእክት ይላካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የሆነው ሁሉ የሆነው በእሱ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት መቶ ስልሳ ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው ክፍት ቦታውን ጨምሮ ሰባ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማስረዳትም እችላለሁ፤ ግን ባስረዳሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ልኩን የወሰኑት ሰዎች ሲወስኑ እኛ ትዝ አላልናቸውም። ከሰባ ያለፈ ጽሑፍ ለሁለት ተቆርጦ ይሄዳል። አዲስ ስልክ ቁራጮቹን መልሶ ይሰፋቸዋል። አሮጌው ስልክ ግን የመልእክት ማስቀመጫው ከሞላ የመጀመሪያውን እንደምንም ያስገባና ሁለተኛውን በር ላይ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። አድርጉ ይሁን አታድርጉ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው።

ይህን ለስብሰባው በአንድ ገጽ ጽፌ ነበር። በስብሰባው ላይ የነበሩት በርናባስ፣ የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አቶ አካሉና እኔ ነን። ጉዳዩ ክሊኒኩ አዲስ ክኒን ማስገባቱ ነው። ሕመምተኞቹ ለአሥር ቀን አዲሱን ከድሮው ነጭ ክኒን ጋር ደርበው ይወስዳሉ፤ ከዚያ ነጩን ያቆማሉ። የሚያቆሙበት ቀን በስልክ ይነገራችኋል ተብለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከአሥር ቀን በላይ ሁለቱንም መደረብ ግፊትን ከልክ በታች ያወርዳል።

አቶ አካሉ የመልእክቱን መግቢያ አነበበልን። «ክቡራን ተገልጋዮቻችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ክሊኒኩን ጠይቆ እንደሚሞላው ነገረን።

«ሰላምታው ቢቀር» አልኩ። ድምፄ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ሳያልፍ ቀረ።

«ምን አልሽ የኔ እህት?»

«ሰላምታው ቦታ ይበላል። አርባ አንድ ፊደል ነው።»

አቶ አካሉ ፈገግ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እናቶችና አባቶች ናቸው እኮ። ሰላም ሳይሉ ትእዛዝ ይሰጣቸዋል? እኔ ቤት እንዲህ አላደግንም። እናንተ ቤት ነው?»

«ማዕዶት የምታናግረው ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰላምታ አይፈልግም» አለ በርናባስ። ሁለቱም ሳቁ።

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?» አለኝ አቶ አካሉ።

«ምንም» አልኩ። የጻፍኩትን ገጽ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

መልእክቱ ሰኞ ጠዋት ከበርናባስ ኮምፒውተር ተላከ። ለእኔ ያሳየኝ የለም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ሐመልማል ደወለች።

«የማሽኑ ልጅ ነሽ?»

«አዎ ሲስተር፣ ማዕዶት ነኝ።»

«እትዬ የማርያምወርቅን ታውቂያቸዋለሽ አይደል? ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ያሉትን።»

አውቃቸዋለሁ። አምና ፕሮግራሜን ስሞክር ስልካቸውን አውሰውኝ ነበር።

«ትናንት ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ድንጋይ ላይ ነው፤ ቅንድባቸው አምስት ቦታ ተሰፍቷል። ግፊታቸውን ስለካ የማሽኑን ቁጥር አላመንኩትም። ነጩን ክኒን አሁንም ይውጣሉ። ለምን አላቆሙም ብላቸው፣ ስልኩ አዞኝ ነው አሉኝ። ምንድነው የላካችሁት?»

«አቁሙ ብለን ነው።»

«እሳቸው ውሰጂ ተብያለሁ ነው የሚሉት። ወይ አንቺ ተሳስተሻል ወይ እሳቸው።»

እትዬ የማርያምወርቅ ቤት ደርሼ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ። ከሽሮ ሜዳ በኋላ ሚኒባሷ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፤ ረዳቱም ተሳፋሪውን ወደ ፊት ተጠጉ እያለ ያስጠጋጋል። ወርጄ ቁልቁል በባሕር ዛፉ መሃል ስሄድ ብርዱ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሁሉ የማስበው እትዬ የማርያምወርቅ ተሳስተው አንብበው ቢሆን እያልኩ ነው። እንዲያውም እንዲሆን እየተመኘሁ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እትዬ የማርያምወርቅ ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግንባራቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል። አንዱ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል፤ በሌላው አዩኝ።

«ማናት? ያቺ አንገቷን የምትደፋዋ ናት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እንዴት ነዎት?»

«አለሁ። ቅንድቤን እንደ ጆንያ ሰፉት እንጂ። ቁጭ በይ፣ እንዲህ ከላይ ቆመሽ አትመርምሪኝ።»

ተቀመጥኩ። መልእክቱን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። አወጡና በክንዳቸው ልክ አርቀው ያዙት። እትዬ የማርያምወርቅ ዳዊት ይደግማሉ፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው የተማሩት ነው። መልእክቱንም በዚያው በዳዊት ድምፅ፣ አንድም ፊደል ሳይገድፉ አነበቡልኝ።

«ክቡራን ተገልጋዮቻችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን ነጩን የደም ግፊት ክኒን ጠዋትና ማታ መውሰድ»

አቆሙ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እዚህ ላይ ዝም አለ።»

ስልኩን ተቀብዬ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። «መውሰድ» የምትለው ቃል «ድ» ስድሳ ዘጠነኛዋ ፊደል ናት። ሰባኛው ክፍት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው «እንዲያቆሙ እናሳስባለን» የሚል መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

«ታዲያ ምን ብለው ተረዱት?» አልኩ።

«ምን እላለሁ? ሐኪም መውሰድ ብሎ ካቆመ፣ አለብዎት ሊል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊል ነው? ጠዋትና ማታም ብሏል። ደግሞ እንዲህ ክቡራን ብሎ፣ የከበረ ሰላምታ ብሎ የጀመረ ሰው ክፉ ነገር ያዘኛል? አክብሮኛል ብዬ ዋጥኳት።»

የመልእክት ማስቀመጫቸውን ከፈትኩት። ጢም ብሎ ሞልቷል። የዕጣ ነው፣ የዘፈን ነው፣ ይህን ቁጥር ተጭነው ይሸለሙ ነው።

«ይህ ሁሉ የማነው እትዬ?»

«እንኳን ደስ አለዎት የሚሉኝ ናቸው። በየቀኑ ደስ የሚለኝ መስሏቸዋል። አጠፋፉን አላውቅበትም። ደግሞስ እንኳን ደስ አለሽ ያለ ሰው ይጠፋል?»

የቀረውን ነገርኳቸው። አቁሙ ለማለት እንደተጻፈ፣ ቦታ ጠቦ ግሡ እንደቀረ፣ ስልካቸውም ሞልቶ ስለነበር ሁለተኛው ቁራጭ እንዳልገባ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስደው እንደገና አዩት።

«እና አቁሚ ለማለት ነው ይህን ሁሉ የደረደሩልኝ?»

«አክብሮት ይጎድላል ብለው ነው።»

«ቤት ሲቃጠል ያየ ሰው እንዴት አደራችሁ ብሎ ይጀምራል? እሳት ነው ይላል። ሰላምታው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይደርሳል።» ፋሻቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አንቺስ ይህን ስታውቂ ምን አልሻቸው?»

«ነግሬያቸው ነበር።»

«በዚህ ድምፅሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ሌላውስ ሰው?» አሉኝ። «እኔስ ወደቅኩና ታወቀልኝ። ያልወደቀው እየዋጠ አይደል? ሂጂ፣ አሁኑኑ ጻፊላቸው። አይዋጡ በይ። ሰላምታሽን ከፈለግሽ ከኋላ አድርጊው፤ ቢቆረጥም ሰላምታ ነው።»

ቢሮ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። የሰኞውን የመልእክት መዝገብ ከፈትኩ። መዝገቡ የእያንዳንዱን ቁራጭ መድረስና አለመድረስ ለየብቻ ይጽፋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ለሦስት መቶ አርባውም ሰው ደርሷል። ሁለተኛው ቁራጭ ለስድሳ አንድ ሰው አልደረሰም። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው መዝገብ ላይ በቀይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከፍቶ ያየው ግን የለም። ስማቸውን አተምኩና ወደ በርናባስ ክፍል ገባሁ።

ነገሩን ስነግረው እስክጨርስ ድረስ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም።

«ለአቶ አካሉ መቶ በመቶ ደርሷል ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ» አለ።

«ለስድሳ አንድ ሰው የደረሰው ግማሹ ነው።»

«ደርሷል አይደል?»

«ግማሹ የተገላቢጦሽ ነው የሚያዘው። እትዬ የማርያምወርቅ ወድቀው ተሰፍተዋል።»

«አዝናለሁ። እውነቴን ነው።» ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ግን የደንበኛ መልእክት ነው። አቶ አካሉ ቢሾፍቱ ሥልጠና ላይ ነው፣ ሰኞ ይመለሳል። አዲስ ጽሑፍ እሱ ያዘጋጃል፣ እኛ እንልካለን። ያለ እሱ አንድ ፊደል አይወጣም።»

«ደውልለት።»

«ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ደውዬ ነበር፤ አያነሳም። ስብሰባ ላይ ነው።»

«እስከ ሰኞ ስምንት ጊዜ ይውጣሉ።»

«ምን?»

«ዛሬ ማታ አንድ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሁለት ሁለት። ሰኞ ጠዋት አንድ። ስምንት።»

«ማዕዶት፣ ስሜታዊ አትሁኚ።»

ስሜታዊ። ስቆጥር ነበር እኮ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቁጥር የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የስም ዝርዝሩን ይዤ ወጣሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ለሲስተር ሐመልማል ደወልኩ። ስድሳ አንድ ስትሰማ «ስማቸውን ላኪልኝ» አለች።

«በስምሽ ልላከው?» አልኳት። «የሚያውቁት አንቺን ነው።»

«በስሜም በእናቴም ስም ላኪው። ብቻ አሁን ይድረስ።»

ጻፍኩ። «ነጩን ክኒን አይዋጡ። አዲሱን ብቻ ይዋጡ። ሲስተር ሐመልማል ነኝ። እንዴት ሰነበቱ።» ሃምሳ ሁለት ፊደል ነው። መሳቢያዬን ከፍቼ መጀመሪያ ወደ ሙዚየሙ ላክሁት። ፊደል የሚያውቁት ሁሉ ሙሉውን አሳዩ፤ ጥር አንድ ነው የሚለውም፣ ጀርባው የተጣበቀውም። ነአምን ከጎኔ አንገቱን አስግጎ አነበበ። ሙዚየም የሚለውን ቃል ያን ቀን አልተናገረም።

«በርናባስ ፈቀደ?» አለኝ።

«አልፈቀደም።»

ወንበሩን አዙሮ ለበርናባስ ክፍል በር ጀርባውን ሰጠ። የእኔ ኮምፒውተር ከዚያ በር እንዳይታይ እንደጋረደልኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ላክሁት፤ ለስድሳ አንዱ ብቻ ሳይሆን ለሦስት መቶ አርባውም።

መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የመጀመሪያው ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ አንቺስ» ይላል። ሌላው «እሺ ሲስተር ጥለናል» አለ። አንዱ ደግሞ «ቀድሞስ ለምን ውሰዱ አላችሁን» ሲል ጻፈ። ሲስተር ሐመልማል ዝርዝሩን ይዛ ያልመለሱትን አንድ በአንድ ስትደውል ዋለች። ሁለቱን ስልካቸው ተዘግቶ አጣቻቸው፤ ቤታቸው ድረስ ሰው ላከች። ከሁለቱ አንዱ አቶ ቶሌሳ የሚባሉ ከኮተቤ በላይ የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ ከረቡዕ ጀምሮ አዞረኝ ብለው ተኝተው ነው የተገኙት። ቤተሰቡ ጠዋትና ማታ እየደገፈ ነጩን ክኒን ይሰጣቸው ነበር፤ ስልኩ አዟልና።

ዓርብ ጠዋት በርናባስ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። «አንብቢና ፈርሚ» አለኝ።

አነበብኩ። ለድርጅቱ የሚላክ ሪፖርት ነው። በከበረ ሰላምታ ይጀምራል። አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለተፈጠረው ክስተት ምክንያቱ የተጠቃሚዎች የንባብ ክህሎት ማነስና የስልኮቻቸው ማርጀት መሆኑ በባለሙያ ሙከራ ተረጋግጧል።» ከግርጌ ‹ሙከራውን ያካሄደችው› ይልና ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፎ ለፊርማ ቦታ ተትቷል።

የንባብ ክህሎት ማነስ። እትዬ የማርያምወርቅ በአንድ ዓይናቸው፣ ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው፣ አንድም ፊደል ሳይገድፉ ሲያነቡ ታየኝ። ስድሳ ዘጠኙን ፊደል በሙሉ አንብበዋል። ከመዝገቡ ላይ በቀይ የተጻፈውን ሦስት ቀን ሙሉ ያላነበብነው እኛ ነን። የንባብ ክህሎት የጎደለው ማን እንደሆነ እዚያው ወረቀት ላይ በትልቁ ልጽፍለት እጄ ዳድቶ ነበር።

«የትናንቱን ነገር ሰምቻለሁ» አለ በርናባስ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ያለ ፈቃድ ነው የላክሽው፣ ያውም ሰላም እንኳ ሳትይ ትእዛዝ። አቶ አካሉ ደውሎ ተቆጥቷል። እኔ ግን እዚህ ላይ ከፈረምሽ እሱን እረሳዋለሁ። ሁላችንም ሥራችንን እንቀጥላለን። እትዬ ማን… እሳቸውም ድነዋል።»

«የማርያምወርቅ።»

«እሳቸው። ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ብዙ ነገር መጣብኝ። በቅድሚያ ስላደረግህልኝ ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ቅር እንዳይልህ፣ ምናልባት ብናስተካክለው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደ መጨረሻው ስደርስ ድምፄ እንደሚያልቅና ዋናው ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የተናገርኩት።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ስብሰባው ላይ «ሌላ የምትጨምሪው አለ?» ስባል ምንም ብዬ ነበር።

«አልፈርምም።» ስድስት ፊደል ነው፤ የሚቆረጥ ትርፍ የለውም። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁና የመዝገቡን ቅጂ፣ ስድሳ አንዱ ስም ያለበትን፣ ከላዩ አስቀመጥኩበት። ያቺን ከስብሰባው ጀምሮ ደብተሬ ውስጥ ታጥፋ የኖረችውን አንድ ገጽም ጨመርኩለት። ሌላውን ቅጂ ጠዋት ስመጣ ለሲስተር ሐመልማል ሰጥቻታለሁ፤ እሷ በድርጅቱ ውስጥ ለማን እንደምትሰጠው ታውቃለች።

በርናባስ አንዴ ወረቀቶቹን፣ አንዴ እኔን ያያል። በሩን ስይዝ ስገባ ሰላም እንዳላልኩት ትዝ አለኝ።

«እንዴት አደርክ?» አልኩትና ወጣሁ።